ሐጁ ሞልተው የሰፈሩት ቱቦ

ከጦርነቱ በፊት፣ ካርቱም ውስጥ ማዮ የሚባል ሰፈር ዳር፣ የቀለም ማቅጠኛ በምታመርት ትንሽ ወርክሾፕ እሠራ ነበር። አገር ቤት የኬሚስትሪ አስተማሪ ነበርኩ። የወርክሾፑ ባለቤት፣ ሽማግሌው ሐጅ፣ «ያ ኡስታዝ» ሲሉኝ ማዕረጌ የተመለሰልኝ ይመስለኝ ነበር። ሥራችን አልኮልና የኮምጣጤ አሲድ አዋህዶ ኤስተር የሚባለውን ማቅጠኛ ማውጣት ነው፤ ሽታው እንደ ከረሜላ ደስ ይላል። የሚያስጠላው ውህደቱን ለማፋጠን የምንጨምረው ሰልፈሪክ አሲድ ነበር። ሸሚዝ ይበሳል፣ በየጊዜው በኖራ ማብረድ ይፈልጋል፣ እጣቢው ደግሞ በቦይ ወደ ውጭ ይፈስሳል።

ቦዩ በአንድ የኒም ዛፍ ሥር ያልፋል። እዚያ ጥላ ውስጥ አንዲት የወሎ ሴት ሻይ ትሸጥ ነበር። ዛፉ በቦዩ በኩል ደርቋል።

«ጋሼ፣ ጥላው ካለቀ ማን ፀሐይ ላይ ይቀመጥልኛል? ወደ አል-ጣኢፍ እመለሳለሁ» አለችኝ።

አል-ጣኢፍ የከተማው የሀብታሞች ሰፈር ነው፤ እዚያ መመለስ ማለት ሰው ቤት እያደሩ መሥራት፣ ልጇን ለጎረቤት መተው ማለት ነው። እጣቢውን የምደፋው እኔ መሆኔን እያወቀች አልተቆጣችኝም። አንጀቴን በላችው።

አሲዱን በሌላ እንተካው ብዬ ሐጁን ጨቀጨቅኳቸው። በመጨረሻ ሬዚን አስመጡ፤ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያካክል ጥቁር ጥራጥሬ ነው። አሲዱ ከፍሬው ጋር ተጣብቆ የተሠራ ስለሆነ ከድብልቁ ጋር አይወጣም። ቱቦ ውስጥ ጨምሮ፣ ድብልቁን እያሞቁ ሳያቋርጡ በመሃሉ ማሳለፍ ብቻ ነው፤ በኖራ የሚበርድ ነገር የለም።

«ካልሠራ ግን ኻላስ፣ ወደ ድሮው» አሉኝ።

ሐጁ ዱሮ ማሽላ ነጋዴ ነበሩ። መስፈሪያ አፉ ላይ ካልተቆለለ ለእሳቸው ነውር ነው። ጁምዓ አርፌ ስመለስ የመስታወቱን ቱቦ ራሳቸው እስከ አፉ ሞልተው፣ መታ መታ አድርገው ጠቅጥቀው፣ አልኮል አጠጥተውታል። ሬዚን ደግሞ ሲጠጣ እንደተዘፈዘፈ ሽምብራ ያብጣል። ቱቦው ፈንድቶ ጥራጥሬው ከስብርባሪው ጋር ወለሉ ላይ ፈሷል። ጮህኩ።

«ወላሂ፣ በረካ እንዲኖረው ብዬ ነው» አሉ። ፊታቸውን ሳየው ንዴቴ በረደ።

ሌላ ሬዚን በቅርብ አይገኝም። ሻይ ሻጯ ጩኸቴን ሰምታ ገባች፤ የሆነውን አይታ ሰፊ ትሪዋን አመጣች። ጥራጥሬውን በውሃ አጥበን፣ ጓንት አጥልቀን፣ ሦስታችንም ትሪውን ከበን ምስር እንደሚለቀም መስታወቱን ለቀምን። ሐጁ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ከሁላችንም የባሰ ይጠነቀቁ ነበር።

የለቀምነውን ጥራጥሬ ብረት ቱቦ ውስጥ አደረግነው፤ ማበጫ እንዲሆነው የቱቦውን ሲሶ ባዶ ስተው ጥቂት ጥራጥሬ ባልዲ ውስጥ ቀረ። የሐጁ እጅ ወደ ባልዲው ሄደ።

«ያ ሐጅ!»

«ጠይብ፣ ጠይብ» ብለው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ።

አሞቅነው፣ ድብልቁን ለቀቅንበት፣ ጠበቅን። ከታች መጀመሪያ ጠብ ጠብ አለ፤ ከዚያ ቀጭን ክር ሆነ። የኮምጣጤውን ሽታ አልፎ የከረሜላው መጣ። ሐጁ «ማሻአላህ» አሉ፤ እኔ ብቻዬን እሥቃለሁ።

ከዚያ ወዲህ ኖራ አልበጠበጥኩም፤ ቦዩም ደረቀ። ዛፉ በዚያ በኩል ገና ቅጠል አላወጣም ነበር፤ ሻይ ሻጯ ግን እሱን አልጠበቀችም። አንድ ጠዋት ስመጣ ቦዩን በአፈር ደፍና ምድጃዋንና በርጩማዎቿን በላዩ ደርድራለች። ልጇ አንዱ ላይ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች።

«እንዴ፣ መውረጃችንን ደፈንሽው?» አልኳት።

«ደሞ ምን ሊወርድበት ነው ጋሼ?» አለችኝ።