እናቴ በገበያ መሀል የበላችበት ቀን

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ለጌጥ ብሎ ከአጥሩ ሥር የተከለውን እንሰት አትክልተኛው ሲከረክመው፣ የተቆረጠው ቅጠል ሽታ በወጥ ቤቴ መስኮት ገባ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር፤ ዓይኔን ያስለቀሰው ሽንኩርቱ ይሁን ቅጠሉ ለይቼ መናገር አልችልም፤ በዚህ ዕድሜዬ ለማልቀስ ብዙ ምክንያት አያስፈልገኝም። ቢላዋውን አስቀምጬ በመስኮቱ በኩል አንገቴን አወጣሁ፤ አትክልተኛው ጤንነቴን እስኪጠራጠር ድረስም ዓይኔን ጨፍኜ ያን እርጥብ፣ አረንጓዴ ሽታ ስስብ ቆየሁ።

ለእኔ ያ የቡታጅራ ገበያ ሽታ ነው። ጃንሆይ በዙፋናቸው ላይ በነበሩባቸው የመጨረሻ ዓመታት አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ከጎጃም ወደ ቡታጅራ ተዛወረ፤ እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ ወንድሜም ገና የሚታቀፍ ሕፃን። የተከራየነው ቤት ከገበያው ብዙም ስለማይርቅ በገበያ ቀን ገና ጎሕ ሲቀድ ከዘቢዳር ተራራ በኩል የሚወርዱት ሴቶች ድምፅ ይቀሰቅሰን ነበር። ጀርባቸው ላይ ያዘሉት ሁሉ፣ ቅቤውም አይቡም ቆጮውም፣ በኮባ፣ በእንሰት ቅጠል፣ የተጠቀለለ ነበርና መንገዱ ሁሉ ቅጠል ቅጠል ይላል። ገበያው ውስጥ እያንዳንዱ ነገር የራሱ ረድፍ አለው። የበርበሬው ረድፍ ጋ ሲደርስ ሹሙም ድሃውም እኩል ያስነጥሳል፤ የቅቤው ረድፍ ላይ ገዢዎች በቀጭን እንጨት ቅቤውን ወግተው እያወጡ፣ እያሸተቱ፣ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው ይዳኛሉ። ከሁሉም ዳር፣ ከግራሩ ሥር፣ የቆጮ ሻጮች አሉ።

እናቴ ወይዘሮ በላይነሽ ጤፍ ከሚበላ አገር የመጣች፣ ኩሩ ሴት ነበረች። መንገድ ላይ ውኃ እንኳ አትጠጣም፤ ሰው ፊት አፍን መክፈት ነውር ነው ብላ ነው ያደገችው፣ እኔንም በዚሁ ነገር ስንት ጊዜ ቆንጥጣኛለች። ቆጮ የሚባለውን ነገር በመጣን በሁለተኛው ወር አባቴ ስለጠየቃት ብቻ ልትገዛ ወጣች፤ እኔም ቀሚሷን ይዤ ተከተልኳት። ከግራሩ ሥር ከተቀመጡት ሴቶች መካከል ዘይነባ ከምትባል ረጅም፣ ዝምተኛ ሴት ፊት ቆመች። ዘይነባ ቅጠሉን ስትፈታላት ኃይለኛ ጎምዛዛ ሽታ ወጣ። እናቴ ነጠላዋን ወደ አፍንጫዋ ወስዳ፣ በዚያ ጥርት ባለ የጎጃም አነጋገሯ፣ ረድፉ ሁሉ እየሰማ፣ «ኧረ ይኼ የሸተተ ነው! ይኼን ለሰው ትሸጫለሽ?» አለች።

ዘይነባ ቅጠሉን መልሳ አጠፈችው። ሊገዙ ቆመው የነበሩት ሁለት ሴቶችም ወደ ሌላ ሻጭ ዞር አሉ፤ ያኔ የመንግሥት ሠራተኛ ሚስት ያለችው ነገር እንደ ሐኪም ቃል ይሰማ ነበርና። እኔና እናቴ በኩራት ወደ ቤታችን ሄድን።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን እናቴ ጎመን ልትገዛ ሄደች። ሻጯ ፊት የጎመኑ ክምር እስከ ጉልበቷ ደርሷል። «ተሽጧል፣ እሜቴ» አለቻት በትሕትና። ወደ ቅቤው ረድፍ ተሻገርን። «ተሽጧል፣ እሜቴ።» አይቡም ተሽጧል፤ ሽንኩርቱም ተሽጧል፤ ዓይናችን እያየ ሌላው ሰው ያንኑ የተሸጠ ሽንኩርት እየገዛ ይሄዳል። አንድም ሰው አልሰደበንም፣ አንድም ሰው አልገላመጠንም። እናቴ ባዶ ዘንቢሏን ይዛ ስትመለስ ፊቷ ቲማቲም መስሎ ነበር።

ነገሩን የነገረችን ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ናት፤ እዚያው ቡታጅራ ተወልዳ ያደገች፣ አፏ ላይ ያለውን የማትውጥ ባልቴት። «አንቺ ልጅ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አለቻት እናቴን። «ያ እኮ አራት ዓመት ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጠ ቆጮ ነው። ሲቆይ ነው የሚከብረው፤ ሽታው እኮ ነው ዋጋው! ለክቡር እንግዳ የሚወጣ ነው፤ ዘይነባ ጉድጓዱን የከፈተችው ልጇን ልትድር ብላ ነው። ለሠርጉ ልብስ ልትገዛ ነበር። ተሸክማው ነው ወደ አገሯ የተመለሰችው።»

እናቴ ያን ማታ እራት አልበላችም፤ እኔም የእናቴ ፊት እንዲያ ሲሆን አይቼ አላውቅም ነበር።

ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲሁ ቆየን። የምንበላው ከአረቡ ሱቅ የሚገኘውን ብቻ ሆነ፤ መኮሮኒ በዘይት፣ መኮሮኒ በጨው፣ ሲያምረን ደግሞ መኮሮኒ በስኳር። መጀመሪያ በዓል የመጣ መስሎኝ ፈነጠዝኩ፤ በሁለተኛው ሳምንት ግን መኮሮኒ ሳይ ወደ ጓሮ እሮጥ ጀመር። አንድ ነገር ብቻ አልቀረም፤ ወተት የምታመጣልን ሴት በየጠዋቱ ትመጣ ነበር። እንደ ድሮው ገብታ አትቀመጥም፣ አትጫወትም፤ «ለሕፃኑ ነው» ብላ ወተቱን ቀድታ ትሄዳለች። እናቴ ከሁሉም በላይ የከበዳት ይህ እንደሆነ ኋላ ነግራኛለች። ቂማቸውን ከወንድሜ አፍ አርቀው ነበር የያዙት።

አባቴ ተናደደ። ለገበያው ዳኛ እነግራለሁ፣ ፖሊስ ይዤ እመጣለሁ አለ። እናቴ ቀና ብላ አየችውና፣ «ጎመን በፖሊስ ላስገዛ? ያጠፋሁት እኔ፣ የሚታሰሩት እነሱ?» አለችው። አባቴም ጋዜጣውን አነሣ።

በአራተኛው የገበያ ቀን እናቴ የክት ቀሚሷን ለበሰች፣ ፀጉሯን አበጠረች፣ እጄን ያዘች። ዘንቢል አልያዘችም። የበርበሬውን ረድፍ አልፈን፣ የቅቤውን አልፈን፣ ግራሩ ሥር ደረስን። ዘይነባ ነበረች። እናቴ ያን ነጭ ቀሚሷን ለብሳ አቧራው ላይ፣ ዘይነባ ፊት፣ ቁጭ አለች።

«ተሽጧል፣ እሜቴ» አለች ዘይነባ፣ ዓይኗን ሳታነሣ።

«ልገዛ አይደለም የመጣሁት» አለች እናቴ። «ልበላ ነው። ከዚያው ቆጮ የቀረ ካለሽ አብዪኝ።»

ከዘይነባ ጎን ለራሷ ምሳ ያመጣችው፣ በቅጠል የተጠቀለለ የተጋገረ ቆጮ ከጎመን ጋር ነበር። ፈታችው፤ ከሁለት ቆረሰችው፤ ትልቁን ለእናቴ ሰጠቻት። እናቴም፣ መንገድ ላይ ውኃ የማትጠጣው እናቴ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ገበያተኛው ሁሉ ቆሞ እያያት፣ ጎረሰች። ሽታው ሲገባት፣ ጎምዛዛው ምላሷን ሲይዘው፣ ፊቷ ላይ ሁሉንም አየሁ። ዋጠችው። ሁለተኛ ጎረሰች። ጎመኑ ላይ የነበረው ሚጥሚጣ አንገቷን አንቆ ሲያስላት አንዲት ቅቤ ሻጭ፣ «ኧረ ውኃ ስጧት፣ ልትሞትብን ነው!» ብላ ቅል ይዛ ሮጣ መጣች፤ ያን ጊዜ ረድፉ ሁሉ በሳቅ ፈነዳ፣ ዘይነባም ሳቀች፣ እናቴም እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች ሳቀች። ለእኔም ተቆረሰልኝና ሳልግደረደር ጠረግሁት። ለወራት በድብቅ እትዬ አስካለ ቤት ቆጮ ስበላ የኖርኩ መሆኔን ለመናገር ጊዜው ጥሩ አልመሰለኝም።

ስንመለስ የቅቤ ሻጮቹ በየተራ በቅጠል እየጠቀለሉ ሰጡን፤ ዘንቢል ስላልነበረን እናቴ ነጠላዋን አንጥፋ ተሸከመች። ለዘይነባ ልጅ ሠርግ ገጠር ድረስ በእግሯ ሄዳ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሽንኩርት ስትከትፍ ሰነበተች።

ከሁለት ዓመት በኋላ አባቴ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ። ዕቃችን መኪና ላይ ሲጫን ዘይነባ ልትሰናበተን መጣች። እናቴ እስከዚያች ቀን በአፏ አውጥታ ያላለችውን ያን ጊዜ አለች፤ አንገቷን አቅፋ፣ «ያን ቀን ስለ በደልኩሽ ይቅር በይኝ» አለቻት። ዘይነባ «እሜቴ» ማለቱን ትታ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ «አንቺ» እያለች፣ «የሰደብሽኝ ሳታውቂ ነው፤ የበላሽው ግን አውቀሽ ነው። እኔ የያዝኩት የኋለኛውን ነው» አለቻት።

ያን በማየቴ፣ የዚያች ሴት ልጅ በመሆኔ፣ ያ ገበያ ስላሳደገኝ፣ ዛሬም ፈጣሪን አመሰግናለሁ። አሁን የምገዛበት ሱቅ ንጹሕ ነው፣ ልጆቹም ትሑቶች ናቸው። አንዱን ዕቃ አንሥቼ «ይኼ ሸቷል» ብል ይቅርታ ጠይቀው ይለውጡልኛል፤ ማንም አይቀየመኝም፤ ዕቃው የማን ልፋት እንደሆነ እነሱም እኔም አናውቅማ። እናቴ ሦስት ሳምንት ያኮረፋትን ያን ገበያ እስከ ሞተችበት ቀን ድረስ «የእኔ ገበያ» እያለች ነበር የምትጠራው። እኔ ሃምሳ ዓመት በኖርኩበት ከተማ እንዲህ ብዬ የምጠራው ገበያ የለኝም።