ወንድሜ የጻፋቸው የመሣሪያ ስሞች

ወንድሜ ዱላ አይፈራም፤ የሚፈራው ወረቀት ነበር። እኔን ለማስተማር ብሎ ከአራተኛ ክፍል አቋርጦ ሥራ ገባ። በኋላም ወደ ጆሃንስበርግ አስመጣኝና ትሮይቪል በተከራየው አንድ ክፍል አብረን ኖርን። ቮስሎሩስ በሚባል ሎኬሽን፣ ከከተማው ወጣ ባለ የጥቁሮች መንደር ውስጥ ሱቅ ነበረው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ዮቪል አንድ አዳራሽ ውስጥ ካራቴ ይሠራል።

ለጥቁር ቀበቶ ሲደርስ አሠልጣኙ፣ እዚሁ አገር የተወለዱ ሽማግሌ፣ የሚሠራባቸውን መሣሪያዎች ስም በጃፓን ፊደል ጽፎ ትርጉማቸውን እንዲያስረዳ አዘዙት። ፈተናው ሳይደርስ ኮሮና ገባና ሁሉም ነገር ተዘጋ። እኔም ከማስተናግድበት ምግብ ቤት ተሰናበትኩ። ሁለታችንም ቤት ዋልን።

"በይ እንግዲህ አስተምሪኝ" አለኝ።

ከስልኬ እያየሁ በትልቁ እጽፍለታለሁ፤ እሱ ካርቶን ላይ ይገለብጣል። "ቦ" ዱላ ነው፤ 棒 ተብሎ ሲጻፍ በግራ በኩል ያለው ምልክት ዛፍ ማለት ነው። "ሳይ" የሚባለው ሹካ መሳይ ብረት ግን፣ 釵 ተብሎ ሲጻፍ፣ የድሮ ሴቶች ፀጉራቸውን የሚይዙበት ጌጥ ሆኖ አገኘነው።

"ይሄን ሁሉ ዓመት በሴት የፀጉር ጌጥ ነው የፎከርኩት?" ብሎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

"ካማ" ላይ ተያዘ። ካማ ማጭድ ነው፤ እሱ ደግሞ በልጅነቱ ሲያጭድ ያደገ ሰው ነው። ፊደሉ ግን፣ 鎌፣ አሥራ ስምንት ጭረት አለው። አንዱን ሲይዝ ሌላው ይጠፋበታል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ፣ ሲሳሳት አየሁና "ወንድም ጋሼ፣ በቃ ተወው። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው የሚችለው ነገር አይደለም" አልኩት።

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ልክ ነሽ" አለ። ተነሥቶ ለእራት ድንች መላጥ ጀመረ።

የምግብ ሱቅ መክፈት ሲፈቀድ ቮስሎሩስ ሄዶ እዚያው ማደር ጀመረ። በየቀኑ ይደውልልኛል። ስለ ፊደሉ እሱ አያነሣም፤ እኔም ስላፈርኩ ዝም እላለሁ።

በዓመቱ መጨረሻ ታመመ። ሆስፒታል ሲገባ ጠያቂ አይፈቀድም ነበር። በሁለተኛው ቀን አሠልጣኙ ደወሉልኝ። ሱቁ ውስጥ ሆኖ የጻፈውን በየሳምንቱ ፎቶ እያነሣ ይልክላቸው እንደነበር፣ ካማንም አስተካክሎ እንደጻፈ ነገሩኝ።

"ያስተማረችኝ እህቴ ናት ይል ነበር" አሉኝ።

ሆስፒታሉ ደውዬ አንዲት ነርስ ለመንኩና ስልኩን ጆሮው ላይ ያዘችለት። "ይቅር በለኝ" አልኩት። ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ ስለምን እንደማወራ ገብቶት፣ "ደክሞሽ ነበር እኮ" አለኝ። ቀጥሎ ምሳ በልቼ እንደሆነ ጠየቀኝ።

በማግሥቱ ሞተ። ተራርቀን ቆመን የቀበርነው ጥቂት ሰዎች ነን። አገር ቤት እናታችንን ዘመዶች አረዷትና በስልክ አገናኙን። ብዙ ካለቀሰች በኋላ "ነፍሱ ስትወጣ ማን አጠገቡ ነበር?" አለችኝ።

"እኔ" አልኳት። እስከ ዛሬ እውነቱን አልነገርኳትም።