ያልሠራሁለት የቤት ሥራ

ፖሊሶች ከማስተምርበት ክፍል ነው የወሰዱኝ፤ ጠመኔው እጄ ላይ እንዳለ። ከኢተያ አሰላ ወስደው ጣቢያ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ለብቻዬ ከተቱኝ። የሲሚንቶው ብርድ አጥንት ይሰብራል፣ ክፍሉ በረኪና በረኪና ይሸታል። ከውጭ የባጃጅ ጡሩምባ ይሰማኛል፤ የሚያናግረኝ ግን የለም። ሰው ናፈቀኝ፤ የሚሰድበኝም ቢሆን። ከሁሉ የባሰብኝ ደግሞ ባለቤቴ የት እንዳለሁ አለማወቋ ነበር።

አንድ ቀን ምሳ የሚያቀብለኝ ፖሊስ በሩን ገርበብ አድርጎ ቆመ።

"ጋሼ፣ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነዎት አሉኝ" አለና አንድ ወረቀት ዘረጋልኝ። ማታ ማታ ይማራል ለካ። ዋናውን ግስና ረዳት ግሱን ለይተህ አስምር የሚል የቤት ሥራ ነው።

"ይሥሩልኝና በኔ ስልክ ቤትዎ ይደውሉ። ማንም አያይም።"

የባለቤቴን ቁጥር በቃሌ አውቀዋለሁ። እስክሪብቶውን ተቀበልኩት፤ እጄ ግን እምቢ አለኝ። በአስተማሪነት ዘመኔ ለተማሪ መልስ ሠርቼ ሰጥቼ አላውቅም። ሁሉንም ወስደውብኝ የቀረችኝ ይቺው ነበረች።

"አልሠራልህም። ቁጭ በል፣ ላስረዳህ" አልኩት።

"እዚህም አስተማሪ?" ብሎ ሳቀ። ግን ተቀመጠ።

"ሺ ኢዝ ዌይቲንግ" አልኩት፤ እየጠበቀች ነው። ሌላ ምሳሌ አልመጣልኝም። "ድርጊቱ መጠበቁ ነው፤ ስለዚህ ዌይቲንግ ዋና ግስ ነው። ኢዝ አሁን እየሆነ መሆኑን ለመናገር ያግዝሃል፣ ረዳት ነው። ሺ ኢዝ ሂር፣ እዚህ ናት፣ ካልክ ግን ኢዝ ብቻውን ነውና ራሱ ዋና ይሆናል።"

የቀረውን ራሱ አሰመረ። የሳተውን አሳየሁትና አረመ። ደስ አለው፤ እኔም እንደ ሰው ቆጠርኩ ራሴን።

"ስልኩስ?" አልኩት ሲነሳ።

"እሱማ ቢሠሩልኝ ነበር፣ ጋሼ" አለና በሩን ዘጋው። ከዚያ በኋላ ምሳ የሚያመጣው ሌላ ሆነ፤ እሱ ደግሞ ጭራሽ አይናገርም።

አሁን ተፈትቼ ቤቴ ነኝ። ባለቤቴ ያኔ ፎቶዬን ይዛ ሲሬ፣ ጢቾ፣ ያልጠየቀችበት ፖሊስ ጣቢያ የለም። ይህን የነገርኳት ዕለት እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

"ያቺን ወረቀት ሠርተህለት ድምፅህን ብታሰማኝ ምን ነበረበት?" አለች።

"እኔ እንጃ" አልኳት።

ያ ፖሊስ ዛሬም ወረቀቱን ይዞ ቢመጣ አልሠራለትም። ይህን ግን አልነገርኳትም።