በኅዳጉ ላይ ያለችው ብል

ሥራዬ አሮጌ መጻሕፍትን ፎቶ አንስቶ ኢንተርኔት ላይ ማውጣት ነው። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ "አሃ፣ ስካን" ብሎ ያልፈኛል፤ ያናድደኛል። ስካን የሚደረገው የቤት ኪራይ ውል ነው። የእኛ መጽሐፍ ትራስ ላይ ተጋድሞ፣ መብራት ከግራና ከቀኝ በርቶለት፣ ቅጠል በቅጠል ነው የሚነሳው። ቶሮንቶ ውስጥ፣ ከብሉር ጎዳና ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ መስኮት የሌለው ምድር ቤት ውስጥ ዓመታት የፈጀሁት በዚህ ነው።

አንድ ጊዜ የጃይኖች መጻሕፍት ተራ ደረሰ። ጃይኖች ጥንታዊ የህንድ ሃይማኖት ተከታዮች ናቸው፤ ነፍስ ያለውን ነገር፣ ጉንዳንም ብትሆን፣ መግደል ለእነሱ ትልቅ ኃጢአት ነው። ከተማችን ውስጥ በየቤቱ በጨርቅ ተጠቅልለው የተቀመጡ የእጅ ጽሑፎቻቸውን ማንም ሰው ከየትም ሆኖ እንዲያያቸው ልናወጣ ነበር።

መጀመሪያ ከመጡት አንዷ ነጭ ሳሪ የለበሱ አሮጊት ነበሩ። ስሜን ሲሰሙ ፈገግ አሉና በጠራራ ከሰዓት "እንደምን አደርሽ?" አሉኝ። ባላቸው ድሮ ደሴ ሒሳብ ሲያስተምሩ፣ እሳቸው አማርኛን ከገበያ ለቅመዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እማማ አልኳቸው።

ይዘውት የመጡት የአባታቸውን መጽሐፍ ነው። ረዣዥም፣ ያልተሰፉ ወረቀቶች በሁለት እንጨት መሐል፣ በቀይ ጨርቅ ተጠቅልለው። ቀይና ወርቃማ ሥዕሎች አሉት። እማማ የሚያዩት ነገር መሐሉ እየጠፋባቸው ነበር፤ ሐኪሙ የሚመለስ አይደለም ብሏቸዋል። አንድ ነገር ብቻ ነው የፈለጉት፤ ዓይናቸው ጨርሶ ሳይጠፋ ሥዕሎቹን በስክሪን ላይ በጣት እያሰፉ አንዴ በደንብ ማየት።

ምራቅ እንዳይነካው አፋቸውን በነጭ ጨርቅ ሸፍነው መጽሐፉን ሲገልጡት አንዲት ብል ሮጠች። እጄን ስሰነዝር አንጓዬን ያዙኝ። ለስላሳ ብሩሽ አውጥተው እሷን በእርጋታ አነሱና ቁራጭ ወረቀት ካለባት ትንሽ ሣጥን ውስጥ አኖሯት። "ይቺም ምሳ ትብላ" አሉ።

ሳቅሁ፤ ወዲያው ግን ሳቄ ጠፋ። የመሥሪያ ቤታችን ደንብ ትዝ አለኝ። ብል ያለበት መጽሐፍ ፎቶ ከመነሳቱ በፊት በላስቲክ ታሽጎ ፍሪዘር ይገባል፤ ብሉ ከነእንቁላሉ እስኪሞት። ይህን ስነግራቸው ቀስ ብለው መጽሐፉን መልሰው ጠቀለሉት።

"በአባቴ መጽሐፍ ምክንያት ነፍስ አይጠፋም፣ ልጄ።"

አለቃዬን ነዘነዝኩ። በመጨረሻ ትርፍ ካሜራ ይዤ ሴንት ጄምስ ታውን የሚባለው ሰፈር እቤታቸው እየሄድኩ እንዳነሳ ፈቀደ። ክረምቱን እንዲያ ከረምን። እሳቸው እያንዳንዱን ቅጠል በብሩሽ ያጸዳሉ፣ እኔ አነሳለሁ። አንድ ቅዳሜ የጾም ሽሮ ወስጄላቸው ሽንኩርት አለው ብለው እምቢ አሉኝ፤ እነሱ ዘንድ ከመሬት የሚነቀል ሥር አይበላም። ሽንኩርት የሌለው ሽሮ ደግሞ ምኑ ሽሮ ነው? እሱን ለብቻዬ በላሁት፤ እሳቸው እያዩ ሳቁብኝ። በዚህ አገር እንደዚያ ደስ ብሎኝ የሠራሁበት ጊዜ የለም።

ግን ሥራው ይንቀራፈፍ ነበር። ገና እኩሌታው ሳይደርስ እማማ በቀን መብራት አብሪልኝ ማለት ጀመሩ። ፕሮጀክቱም ሊዘጋ ነው ተባለ። ይህን ሁሉ ልጃቸው ያያል። እናቱን የሚወድ፣ ከሥራ በቀጥታ እሳቸው ጋ የሚመጣ ሰው ነው።

እኔ ጉንፋን ይዞኝ የቀረሁ ሳምንት ቀዩን ጥቅል ይዞ መሥሪያ ቤታችን ሄደ። እናቱን የቢሮው ሰዎች በብሩሽ ያጸዱታል ብሏቸዋል፤ ለእኛ ሰዎች ግን ፍሪዘር ይግባ ብሎ ፈረመ። ስመለስ ቀዩ ጨርቅ በላስቲክ ውስጥ ውርጭ ለብሶ አየሁት። ደሜ ፈላ። ለልጃቸው ደውዬ ጮህኩበት። እሱ ግን አልጮኸም፤ በጋ ሳይደርስ ትታወራለች፣ የአባቷን መጽሐፍ ሳታይ እንድትቀር አልፈልግም፣ ስለ ፍሪዘሩም ራሴ እነግራታለሁ አለኝ።  የቀረውን ግን አላነሳም ብዬ እምቢ አልኩ፤ ባልደረባዬ በጥድፊያ ጨረሰው።

መጽሐፉ ኢንተርኔት ላይ የወጣ ቀን እቤታቸው ጠሩኝ። ታብሌቱ ጭናቸው ላይ ነበር። በዓይናቸው ጠርዝ ለማየት አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሥዕሎቹን እያሰፉ አዩ። አንዱ ገጽ ላይ አባታቸው ሲጸልዩ የተዉት ቢጫ የጣት አሻራ አለ። ጣታቸውን ከላዩ አኖሩና ሳቁ። አሻራውን ተከትለው ወደ ኅዳጉ ሄዱና ቆሙ።

ብል ነበረች። ወረቀቱ ላይ የፀጉር ቁራጭ ታህላለች፤ ስክሪኑ ላይ ግን ጣታቸውን ታክላለች።

"ይቺ ፎቶ ስትነሳ ትሄድ ነበር?" አሉኝ።

ልጃቸውን አየሁት። እሱ መስኮቱን ያያል። ፍሪዘር እንዳስገባው አልነገራቸውም።

"አትሄድም ነበር፣ እማማ፤ ሞታለች።"

 ከዚያ ነጩን ጨርቅ አምጡልኝ አሉና አፋቸውን ሸፈኑ። በዓመት አንድ ቀን ነፍስ ያለውን ሁሉ ይቅርታ እንደሚጠይቁ ነግረውኝ ነበር። ቀኑ አልነበረም፤ እሳቸው ግን እጃቸውን አጋጥመው ለዚያች ብል ጎንበስ አሉና በቋንቋቸው ይቅርታ ለመኑ። ልጃቸው እግራቸው ሥር ተቀምጦ አለቀሰ። ፊታቸውን ከስክሪኑ ሳያነሱ ራሱን ዳበሱት።

ልቤ ስለተሰበረ አንድ ነገር ማድረግ ነበረብኝ። ብሏን ከፎቶው ላይ ላውጣት፣ ቀላል ነው አልኳቸው።

"ተይ" አሉኝ። "እሷን ብታወጫት ይቅርታ የምለምናት የት ሄጄ ነው?"

በጋ ሳይደርስ ዓይናቸው ጨርሶ ጠፋ። ስለ ሥዕሎቹ አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። ልጃቸው ያቺን ገጽ ይከፍትላቸዋል፣ ጣታቸውን ኅዳጉ ላይ ያኖርላቸዋል። እሱን ይቅር ብለውታል፤ ብሏ እንዳለች ሲነግራቸው ግን አያምኑትም። ስለዚህ ለእኔ ይደውላሉ።

"አለች?" ይሉኛል።

ሥራዬን አቆምና ገጹን ከፍቼ አያለሁ።

"አለች፣ እማማ።"