ለዳማ ጀርባ፣ ከቡልቡላ እስከ ካራ

ረቡዕ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ከገርጂ

የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ በሩጫ ነው የወረድኩት። ቦርሳዬ ውስጥ ሃያ ሺህ ብር፣ በጥቁር ፌስታል ደግሞ የአባቴ አሮጌ ሱሪ አለ። የምሄደው ካራ ነው፤ ኮርቻ ልገዛ። ደስታው እንቅልፍ ነስቶኝ አድሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሁድ ታናሽ ወንድሜ ለሚ ያገባል። አባቴ ቦሌ ቡልቡላ ገበሬ በነበረበት ዘመን በሰፈሩ ሠርግ ሁሉ ከፊት የሚጋልበው እሱ ነበር። አሁን እርሻው ፎቅ በቅሎበታል፤ ፈረሱ ዳማ ግን እስከ ዛሬ ጓሯችን ውስጥ አለ። የሌለው ኮርቻው ነው። ዕቃ ቤት ተጥሎ ጠፍሩን አይጥ በላው፣ እንጨቱን ዝናብ አበሰበሰው። አባዬ ደግሞ ያለ ኮርቻ አይወጣም። “እኔ ጆንያ ነኝ እንዴ፣ እንዲሁ የምጫነው?” ይላል። ለሚን በመኪና ነው የምንሸኘው ስንለው፣ በመኪና ከሆነ እናንተ ሂዱ፣ እኔ ቤት እጠብቃችኋለሁ ብሎ ቁርጡን ነገረን። አባዬ አንዴ ካለ አለ ነው። ወንድሜ አባቱ በሌለበት ሚስቱን ሊያመጣ ነው ማለት ነው። እኔ በሕይወት እያለሁማ አይሆንም!

ስለዚህ ሳልነግረው ልገዛለት ወሰንኩ። ገንዘቡ ለሶፋ ያጠራቀምኩት ነው። ሶፋም ኮርቻም ያው መቀመጫ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። አሥራ ሰባት ሺህ ለኮርቻው፣ ሁለት ሺህ ኮርቻው ላይ ለሚለብሰው ግላስ፣ የቀረው ለታክሲና ለምሳ። ልጓሙ ደህና ስለሆነ እሱን ተውኩት።

ሦስት ሰዓት፣ ካራ

ከመገናኛ ታክሲ ይዤ በኮተቤ ሽቅብ ወጣሁ። ኮርቻ ሠሪው ጋሽ ተሰማ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በቆርቆሮ በተሠራች ቤት ነው የሚሠሩት። ገና በሩ ላይ የቆዳው ሽታ ተቀበለኝ። በእንጨት ማቆሚያ ላይ ካሉት ሦስት ኮርቻዎች መካከል ቀዩን ሳየው አፌን ይዤ ቀረሁ። ጠርዙ በነጭ ጠፍር የተሰፋ፣ እርካቡ የሚያብረቀርቅ። ሳላፍር ማቆሚያው ላይ እንዳለ ወጥቼ ተቀመጥኩበት። ዋጋው አሥራ ዘጠኝ ሺህ አሉኝ፣ አሥራ አራት አልኩ። ተከራክረን አሥራ ሰባት ላይ ደረስን። የሠርግ መሆኑን ስነግራቸው አምስት መቶ ጣሉልኝ። ቀዩን በልክ አስተካክለው፣ ግላሱን ጨምረው በአሥራ ስምንት ሺህ ተስማማን። ከዚያ ፌስታሌን ፈታሁ።

“ምንድን ነው ይሄ ልጄ?”

“የአባቴ ሱሪ ነው። በዚህ ይለኩልኝ።”

ጋሽ ተሰማ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። “አባትሽስ ቢጠበው ይናገራል። የማይናገረው ፈረሱ ነው። የፈረሱ ልክ የታለ?”

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የገበሬ ልጅ ነኝ እያልኩ ሩዋንዳ ሰፈር ባለው ቢሮዬ ስኮራ የምውል ሰው! እሳቸው ግን ታግሰው አስረዱኝ። የኮርቻው እንጨት ከጠበበ ጎኑን ይቆነጥጠዋል፣ ከሰፋ አከርካሪው ላይ ያርፋል፤ በሁለቱም ፈረሱ ይገጠባል። ጀርባው የቆሰለ ፈረስ ደግሞ ጋላቢውን ይጥላል። ከዚያ ክንድ የሚሆን ወፍራም የኤሌክትሪክ ሽቦ ሰጡኝ። ከትከሻው አጥንት አራት ጣት ወደ ኋላ ምልክት አድርጊ፣ ሽቦውን ጀርባው ላይ አስተኝተሽ ተጫኚው፣ ቅርጹን ሳታበላሺ አንሺው፣ አፉንም፣ ማለት በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለውን ክፍተት፣ በስንዝርሽ ለኪው አሉኝ። እስከ አሥር ሰዓት ካልተመለስኩ ለቅዳሜ አይደርስም።

ስድስት ሰዓት፣ ቦሌ ቡልቡላ

አባዬና እናቴ ለቅሶ ሄደዋል። እንዲህ ያለ ዕድል ከየት ይገኛል! ዳማ ከአጥሩ ሥር ገለባውን ይቆረጥማል። በጠመኔ ከትከሻው ኋላ አሰመርኩበት፣ ሽቦውን ጫንኩበት፣ እሱ ደግሞ ዞሮ ሻርፔን ያኝክልኛል። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ቅርጹ ወጣልኝ። የሽቦው አፍ በእጄ አንድ ስንዝር ከሦስት ጣት። እንዳልረሳው መዳፌ ላይ ጻፍኩትና ወጣሁ።

ታክሲ ውስጥ የሁለት ሰው ከፍዬ ሽቦውን አጠገቤ አስቀመጥኩት። ከቡልቡላ ወጣ እንዳልን አንዲት የሽንኩርት ነጋዴ ከነማዳበሪያዋ ገባችና አንቴና ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የፈረስ ጀርባ ነው አልኳት። ታክሲው በሙሉ ዞሮ አየኝ። የሠርጉን ነገር ስነግራቸው ግን ሁሉም ጠባቂ ሆነ። አንዱ ሽማግሌ ከፍ አድርገሽ ያዢው ይላሉ፣ ነጋዴዋ ማንም እንዳይነካባት ብላ ትቆጣለች። ሩዋንዳ ጋ ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ የራሷ ማዳበሪያ ሽቦዬ ላይ ወደቀ።

የሽቦው አፍ ከፈት አለ። ሴትየዋም ደነገጠች፤ ይቅርታ እየጠየቀች አንድ እፍኝ ሽንኩርት በግድ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተችልኝ።

ካራ ስደርስ አሥር ሰዓት ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል። ጋሽ ተሰማ ሽቦውን ተቀብለው ገለባበጡት። ልኩን መዳፌ ላይ መጻፌን ስነግራቸው፣ መዳፍሽን አሳዪኝ አሉኝ። የሽቦው አፍ አሁን አንድ ስንዝር ከአምስት ጣት ሆኗል። “ስንዝሩ ባይኖር ከነፈረሱ ጠፍተሽ ነበር” አሉና በእኔው እጅ እየለኩ ቀስ ብለው አጠበቡት። ቅርጹን ካርቶን ላይ ሲያሰምሩት እፎይ ብዬ ሽሮዬን ልበላ ሄድኩ። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም ነበር።

ቅዳሜ፣ ስምንት ሰዓት፣ እንደገና ቡልቡላ

በዘጠኝ መቶ ብር ኮንትራት ይዤ ኮርቻውን ከካራ እስከ ቡልቡላ ጭኔ ላይ አቅፌው መጣሁ። ልቤ ከመኪናው ይፈጥናል። አባዬ ጓሮ ውስጥ ከዳማ አጠገብ ቆሟል። ኮርቻውን ሲያይ ከእጄ ተቀበለኝ። እንጨቱን በጣቱ አንኳኳ፣ ቆዳውን አሸተተ። ከዚያ ዳማ ላይ ጫነና እጁን ከሥር ሰደደ። እጁ አከርካሪው ላይ ከጫፍ ጫፍ ሳይያዝ አለፈ።

“ማን ለካው?”

“እኔ።”

“ጠመኔው ያንቺ ነው?”

ጠመኔው! ማጥፋቱን ረስቼው ነበር። ከብት ሻጭና ገዢ ሲስማሙ ምልክት የሚያደርጉት በጠመኔ መሆኑን ደግሞ የገበሬ ልጅ ሆኜ አላሰብኩትም።

“ልጆቼ ተመካክረው ዳማን ሸጡብኝ ብዬ ሦስት ቀን አልተኛሁም” አለኝ። “ለሠርጉ ወጪ ነው ብዬ ነው ዝም ያልኩት።”

አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። እሱ ግን ለልቅሶ ጊዜ የለኝም ብሎ የአጥሩ ድንጋይ ላይ ቆሞ ኮርቻው ላይ ወጣ። እርሻው ላይ የበቀለውን ፎቅ ሁለት ጊዜ ዞረው። ሰው በየበረንዳው ወጥቶ ሲያጨበጭብ አባዬ ቀና ብሎ አላየም፤ ጀርባው ግን ቀጥ እንዳለ ነበር። ሲወርድ ወስፌ አስመጣና የእርካቡ ጠፍር ላይ ከፍ አድርጎ አዲስ ቀዳዳ በሳ።

“ያ ለማን ነው? ለሚ እኮ ካንተ ይረዝማል።”

“ለሚ ሙሽራ ነው፣ በመኪናው ይሂድ። ስንሄድ እኔ እጋልባለሁ፣ ሙሽሪትን ይዘን ስንመለስ አንቺ። በታኮ ጫማ እንዳትመጪ።”

አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ገርጂ

ከሃያው ሺህ ስምንት መቶ ብር ያህል ተርፎኝ ነበር። መገናኛ ወርጄ በሰባት መቶው ጠፍጣፋ ሸራ ጫማ ገዛሁ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት፣ ለሰው ደስታ በድብቅ ሲዘጋጅ ባለደስታው ምን እያሰበ እንደሚያድር ማሰብ እንደሚገባ ነው። ሦስት ሌሊት ለአባዬ አጭር አይደለም። በበጀቴ ውስጥ ሁሉም ነገር ቦታ ነበረው፣ ለራሴ እግር ግን አላሰብኩም ነበር። ቤቴ ገብቼ ያው አሮጌው ሶፋ ላይ ተቀመጥኩና ጫማውን አጠለቅኩት። ልክክ አለ።