በቋጠሮ የታሰረው ረቂቅ

በጂንካ ከተማ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት የነበረችው ብርነሽ ኤርጎ ሁለት ነገሮችን አታምንም ነበር፦ አስቀድሞ ታርሟል የተባለ ጽሑፍንና በላጲስ ጠፍቷል የተባለ ስሕተትን። ጣቶቿ በጽሕፈት መኪናው ላይ ሲሮጡ የሰማ መንገደኛ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዶፍ የወረደ ይመስለው ነበር።

ከአዲስ አበባ ለጥናት የሚመጡ ምሁራን ረቂቃቸውን የሚሰጡት ለእርሷ ነው። በ1976 ዓ.ም. አንዱ በመጽሔት ባሳተመው ጥናት ላይ፣ «በጂንካ ለረዳችኝ ታይፒስት ምስጋናዬ ይድረሳት» ብሎ አሰፈረ። ብርነሽ ይህን ባነበበች ጊዜ መጽሔቱን ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው። «ስም የለኝም እንዴ? የጽሕፈት መኪናው እንኳ ስሙ ግንባሩ ላይ ተጽፎለታል!» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሟን ታትሞ ማየት የልቧ ጥም ሆነ።

በኅዳር 1979 ዓ.ም. አንድ ሰኞ ማለዳ፣ ወንድይፍራው የተባለ የታሪክ ተመራማሪ ስለ በና ሕዝብ የእንግዳ አቀባበል የጻፈውን አርባ ገጽ ረቂቅ ይዞ መጣ። ረቂቁ ከልጥ በተገመደ፣ ዘጠኝ ቋጠሮ ባለው ቀጭን ገመድ ግጥም ተደርጎ ታስሯል።

«ረቡዕ በሚነሣው አውሮፕላን ይዤው ካልሄድኩ የዘንድሮው መጽሔት ያልፈኛል» አላት። «ካደረስሽልኝ ስምሽ በምስጋናው ገጽ ላይ ከፕሮፌሰሮቹ ቀጥሎ ይሰፍራል።»

«ከነአባቴ ስም?»

«ከነአባትሽ ስም።»

የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ሮማነወርቅ ይህን ሰምታ ሳቀች። «በቃ፣ ከእንግዲህ ሰላምታም ላትሰጪን ነው!»

ብርነሽ እስከ ሠላሳኛው ገጽ ገሠገሠች። ሠላሳ አንደኛው ላይ ግን ጣቶቿ ቀጥ አሉ። «በናዎች ለሚሸኙት እንግዳ ቋጠሮ ያለበት ገመድ ይሰጣሉ፤ ቋጠሮው ሳይፈታ መኖሩ የወዳጅነት ዘላለማዊነት ምሳሌ ነው» ይላል።

ቀና ብላ ገመዱን አየችው። አባቷ ኤርጎ ከአልዱባ ገበያ ማዶ የሚያርስ የአሪ ሰው ነው። ልጅ ሳለች የአባቷ የበና ወዳጅ የላከው እንዲህ ያለ ገመድ ከቤቱ ምሰሶ ላይ ይንጠለጠል ነበር፤ በየማለዳው አንድ ቋጠሮ ቆርጣ የምትጥለውም እርሷ ነበረች። የመጨረሻው ቋጠሮ በተቆረጠ ቀን ቤተሰቡ፣ ወጣቱ በተሰለፉ ከብቶች ጀርባ ላይ ተራምዶ ለወግ ማዕረግ ወደሚበቃበት የከብት ዝላይ በዓል ይነጉድ ነበር። ገመዱ ጥሪ ነው፤ ቋጠሮዎቹም የቀን መቁጠሪያ። ተመራማሪው የተጠራበትን ገመድ የወረቀት ማሰሪያ አድርጎታል!

ዝም ብትል ረቂቁ በጊዜው ይደርሳል፤ ስሟም ይታተማል። ብትናገር አውሮፕላኑም ስሟም አብረው ያመልጧታል። ደግሞስ የታይፒስት ሥራ የተሰጠውን መጻፍ አይደለም? ነገር ግን ያንን ስም ያስመኛት ኩራት ራሱ፣ ስሟ እንዲህ ካለ ስሕተት ጋር በአንድ ሽፋን ውስጥ እንዲያድር አልፈቀደላትም።

«አቶ ወንድይፍራው፣ ይህን ገመድ መቼ ነው የሰጡዎት?» ስትል አጠገቧ ተቀምጦ ወደሚጠብቀው ተመራማሪ ዞረች።

«ባለፈው ማክሰኞ፣ በአልዱባ ገበያ። አንድ ሽማግሌ ልጃቸውን እየጠቆሙ በእጄ አስያዙኝ። አስተርጓሚዬ ወደ መኪናው ቀድሞኝ ነበርና ትርጉሙን ከሁኔታው ተረዳሁት።»

«ከሁኔታው! ጠርተውዎት እኮ ነው። በየቀኑ አንድ ቋጠሮ መቁረጥ ነበረብዎት። እስከ ዛሬ ስድስት ቀን አልፏል፤ ሐሙስ ልጃቸው ከብት ይዘላል።»

የተመራማሪው ፊት ቀላ። «ብርነሽ፣ እኔ በዚህ ጉዳይ ላይ ስምንት መጻሕፍት አንብቤአለሁ።»

«መጻሕፍቱን ማን ጠራቸው? የተጠሩት እርስዎ ነዎት።»

ሮማነወርቅ ሳቋን በመዝገብ ጋረደች። ወንድይፍራው ቋጠሮዎቹን ቆጠረ፤ ደግሞ ቆጠረ። ከዚያም መቀስ ለመነና ስድስቱን አንድ በአንድ ቆርጦ ጣለ።

ረቡዕ ዕለት በማረፊያው ሜዳ የሚግጡት ከብቶች ተባርረውለት አውሮፕላኑ ሲነሣ፣ ወንድይፍራው በጭነት መኪና ወደ በና አገር ይጓዝ ነበር። ብርነሽ በመስኮት ሆና አውሮፕላኑ በደመና እስኪዋጥ ድረስ ተመለከተችው።

በዓመቱ መጽሔቱ በፖስታ ደረሳት። በምስጋናው ገጽ ላይ ፕሮፌሰሮቹ አሉ፤ አስተርጓሚው አለ፤ እርሷ ግን የለችም።

«ወይ አለመታደል! ሹፌሩ እንኳ ገብቷል» አለች ሮማነወርቅ አንገቷን አስግጋ።

ብርነሽ ስለ ገመዱ ወደሚናገረው ገጽ ገለጠች። በዓሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተተርኳል። ከገጹ ግርጌ እንዲህ ይላል፦ «የገመዱን ምንነት አስረድተው ስሕተቴን ያረሙኝ ወይዘሪት ብርነሽ ኤርጎ ናቸው፤ የቃል መረጃ፣ ጂንካ፣ ኅዳር 1979 ዓ.ም.።»

«ይህማ ምስጋና አይደለም» አለች ሮማነወርቅ፣ ግራ ተጋብታ።

«አይደለማ! ዋቢ ሆኜ ነው የገባሁት» አለች ብርነሽ፤ መስመሩንም እንደገና አነበበችው።

እሑድ መጽሔቱን ለአባቷ ወሰደችለት። ኤርጎ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ስሙን ለማንበብ በቅቶ ነበርና፣ ጣቱን በገጹ ላይ እየጎተተ እስከ ግርጌ ወረደ።

«ኤ… ር… ጎ። እኔው ነኝ!» ብሎ ፈነደቀ። ከዚያም ዓይኑን አጥብቦ፣ «ግን ለምን እንዲህ አሳንሰው ከታች ጻፉን?»

«የግርጌ ማስታወሻ ደንቡ ነው አባዬ፤ ሁልጊዜም በደቃቅ ፊደል ነው የሚጻፈው።»

«እንግዲያው የሚቀጥለውን አንቺው ጻፊውና ከላይ አውጪን» አላት።