ለሐይቁ ብርሃን ያቀረብኩት ማስረጃ

ያ ብርሃን ያስከፈለኝ አንድ ጓደኛ ነው። ሌላው ሁሉ ምራቂ ነው።

ዛሬም መናኸሪያ ባለው ሱቄ አዲስ የመረብ ጥቅል ስፈታ የናይለኑ ሽታ አፍንጫዬን ይመታውና ወደ ስምንተኛ ክፍል ይመልሰኛል። ደንበኛ ዋጋ ጠይቆኝ የሌላ ዕቃ ዋጋ የምነግርበት ጊዜ አለ።

ጎህ ሲቀድ ነበር። የአሳ አጥማጅ ልጅ የሆነው ጓደኛዬና እኔ በአባቱ ጀልባ መረብ ልናነሳ ወጥተን ነበር። ውሃው እንደ ጭስ ይተን ነበር፤ ጭቃና ቆሮሶ አሳ ይሸት ነበር። ድንገት ከፊታችን የቤት ጣሪያ የሚያህል ክብ ብርሃን ያለ ምንም ድምፅ ከሐይቁ በላይ ቆመ። ከበታቹ ውሃው ነጣ። ጓደኛዬ ክንዴን ጨብጦ "አትተንፍስ" አለኝ። ብርሃኑ ትንሽ ቆየና ወደ ታቦር ተራራ ተስፈንጥሮ ጠፋ።

ምን ልበልህ፣ አፌ አያርፍም ነበር። ለአስተማሪዬ ነገርኩት፣ አስተማሪዬ ለቀበሌ ነገረ። ጊዜው ሰማይ ላይ የሚንቀሳቀስ ሁሉ የሚያስጠረጥርበት ነበርና በሳምንቱ ሦስት ሰዎች አሳ ወደሚሸጥበት ዳርቻ፣ ወደ አሞራ ገደል መጡ፤ የቀበሌው ሊቀመንበር፣ አንድ ፖሊስና ከመንግሥት ቢሮ የተላከ ባለመነጽር። ዛፍ ሥር ወንበር ተሰጣቸው፣ የጓደኛዬ አባት አሳ ጠብሰው አቀረቡላቸው። ሰፈርተኛው ከቦ ቆመ።

ባለመነጽሩ አጥንት እየተፋ ያየሁት አባ ኮዳ የሚባለው የዳርቻው ትልቅ ወፍ ሊሆን እንደሚችል ነገረኝ።

"አባ ኮዳ አያበራም፣ ጌታዬ" አልኩት።

"አምፖል ውጦ ይሆናላ" አለ ፖሊሱ።

ሰው በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ አንዱ "ሳተላይት" ብሎ ስም አወጣልኝ፤ እስካሁንም የሚጠሩኝ አሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገርህ። የጓደኛዬ አባት መረብ ቀዳዳው ጠባብ ነበር፤ ጫጩት አሳ ስለሚጠርግ የተከለከለ ነው። ቀን ቀን ደንገል ውስጥ ይደበቃል። ዳርቻው ሁሉ ያውቃል፣ ግን የሰው መረብ ነገር በቢሮ ሰው ፊት አይነሳም። ከእናት ጡት ጋር የሚጠባ ሕግ ነው፤ እኔ የነጋዴ ልጅ ነኝ፣ ሌላ ጡት ነው የጠባሁት።

ምስክር አለህ ወይ ሲሉኝ ጓደኛዬን አስጠራሁ። መጣ። መሬት መሬት እያየ "እኔ ያን ቀን ሐይቁ ላይ አልነበርኩም" አለ።

ሳቁ እንደገና ተነሳ። ውሸታም መባሉ አንገበገበኝ። ደንገሉ ውስጥ ሮጬ ገባሁና መረቡን እንደ ረጠበ ጎትቼ እግራቸው ሥር ጣልኩት።

"ይኸው! በዚህ ነበር የምናጠምደው። አብሮኝ ነበር።"

ማንም አልሳቀም። አባትየው "ልጄ" ብቻ አሉኝ። ባለመነጽሩ ጣቶቹን በቀዳዳው ሊያሾልክ ሞከረ፣ አልገቡም። ከዚያ በኋላ ስለ ብርሃኑ አንድም ጥያቄ አልጠየቀኝም።

መረቡ እዚያው ተቃጠለ። ጀልባውን ፖሊሱ አስጎትቶ ወሰደው። ሪፖርቱ ላይ በሰማይ የታየው አባ ኮዳ ሳይሆን እንደማይቀር ተጻፈ፣ እኔም ስለ ትብብሬ ተመሰገንኩ። ሽማግሌው አባት የሌላ ሰው አሳ በሳጥን ሲሸከሙ ኖረው ሞቱ። ልጁ ትምህርቱን ትቶ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ዕቃ ጫኝ ሆነ።

ባለፈው ክረምት በሱቄ በር ሲያልፍ ጠራሁትና ያንን ንጋት ያስታውስ እንደሆነ ጠየቅኩት። ሸክሙን ሳያወርድ "ምንም አላየሁም፣ ጌታው" አለኝ፤ መንገዱንም ቀጠለ።

ያየነው ሁለት ነበርን። አሁን አንድ ነኝ።